ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ሲሄዱ፦ ከጓዝ ዝግጅት እስከ ጋቢ መደረብ

ከምድር የሚፈልቀው ውሃና ገላ የሚነከርበት ውሃ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እንቁላል ይቀቅላል፤ ሁለተኛው በቦይ እየተጓዘ በርዶ ገንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ፍል ውሃ ለመሄድ ያሰበ ሰው ይህን ልዩነት ከያዘ ከጉዳቱ አብዛኛውን ተርፏል። እዚህ የምናነሳው ወንዶ ገነትን ነው፤ ጥንቃቄው ግን ተራራ ሥር ለሚፈልቅ ለማንኛውም ፍል ውሃ ይሆናል።

ወንዶ ገነት ከሻሸመኔ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ሥር፣ ደን የለበሰ ተራራ ተደግፎ ይገኛል። የዝናብ ውሃ በመሬት ስንጥቅ ጠልቆ ይወርዳል፤ ከታች የጋለው ድንጋይ ያሞቀዋል፤ ከዚያ በሌላ ስንጥቅ ተገፍቶ ይወጣል። ሲወጣ በመንገዱ ያገኘውን ማዕድን አሟሙቶ ይዞ ነው። ለዚህ ነው ሽታውም ጣዕሙም ከተራ ምንጭ የሚለየው።

መቼ፣ በየት በኩል

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። በክረምት ዱካው ያንሸራትታል፣ ጎርፍም ገንዳውን ያደፈርሰዋል። ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ሰሞን ሰው ይበዛል፤ ሰው የበዛበት ገንዳ ደግሞ ቶሎ ይቆሽሻል። በሥራ ቀን በጠዋት መድረስ ከሁሉ ይሻላል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት «ገንዳው መቼ ተለቀቀ? መቼ ታጥቦ ተሞላ?» ብለው ይጠይቁ። ጠባቂዎቹ በደንብ ያውቁታል፣ መጠየቅም ነውር የለውም። የገንዳው ወለል የማይታይ ከሆነ አይግቡ።

ከአዲስ አበባ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ካሉ ሾፌሮች ያጣሩ። በንጋት 12 ሰዓት ከተነሡ እኩለ ቀን ላይ ደርሰው፣ እዚያው አድረው፣ በማግስቱ ማለዳ ገላዎን ቢታጠቡ ይመከራል። ደክሞና ተርቦ በቀጥታ ከመኪና ወደ ሙቅ ውሃ መግባት ያዞራል። ከሻሸመኔ ወደ ወንዶ ገነት ሚኒባስ አለ፤ የመጨረሻውን ርቀት ባጃጅ ያደርሳል። ሲመሽ የሚመለስ መኪና ስለሚቀንስ የመመለሻውን ሰዓት ሲወርዱ ይጠይቁ።

ጓዝ

ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር የመጠጥ ውሃ፣ ሁለት ፎጣ፣ የመዋኛ ልብስ ወይም የማያሳይ ቁምጣና ካናቴራ፣ ከገላ በኋላ የሚደረብ ጋቢ ወይም ሹራብ ይያዙ። የተራራው አመሻሽ ይበርዳል። ጫማ ላይ ይጠንቀቁ፦ ሸበጥ እርጥብ ድንጋይ ላይ ከእግር ይወልቃል። ተረከዝ የሚይዝ ሰንደል ወይም ኮንጎ ጫማ ይሻላል።

የብር ቀለበትና የብር መስቀል ቤት ይተዉ። ውሃው ድኝ ካለበት ብሩን ያጠቁረዋል። በአምስት ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለብቻ ቢይዙ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናነሳዋለን።

ምንጩን ሊያዩ ሲወጡ

ውሃው የሚፈልቅበትን ዓይን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። ሲወጡ ግን ቦታውን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይዘው፣ ዋጋውን ከመነሣትዎ በፊት ተስማምተው ይሁን። በፍል ውሃ ዙሪያ ያለው መሬት ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥር ቀጭን ቅርፊትና የፈላ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ነጣ ያለ፣ የተሰነጣጠቀ፣ እንፋሎት የሚያወጣ ወይም ሲረግጡት «ዱም» የሚል መሬት ላይ አይቁሙ። መሪዎ በረገጠበት ይርገጡ፤ ልጅ ከያዙ እጁን እንዳይለቁ። የድኝ ሽታ በበረታበት ጎድጓዳ ቦታ አይቀመጡ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይተኛል።

እንቁላል ወይም በቆሎ መቀቀል ከፈለጉ በእጅዎ አይጨምሩ። ስስ ፌስታል በሙቀቱ ይልማል፤ እንቁላሉም ይወድቃል። ማዳበሪያ ወይም ቀጭን ጨርቅ ውስጥ ያድርጉና አፉን በሁለት ሜትር ገመድ ይሰሩ፤ የገመዱን ጫፍ ከረዥም እንጨት ጋር አስረው ራቅ ብለው ቆመው ያውርዱት። ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የምንጩ ውሃ ቢንተከተክም 100 ዲግሪ አይደርስም። ስለዚህ እንቁላሉ እንዲጠነክር ከለመዱት ደቂቃ ጨምረው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይተዉት። አስኳሉ ፈሳሽ ሆኖ ከወጣ እንቁላሉ ውሃው በቀዘቀዘበት ጎን ወርዶ ነበር ማለት ነው። ሲያወጡት ውሃውን ጨርሶ አንጠፍጥፈው ወደ ጎን ያስቀምጡ፤ ብዙ ጊዜ እግር የሚቃጠለው ከጨርቁ በሚንጠባጠብ ውሃ ነው።

ምንጩን አይጠጡ። የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ነው፤ ዘወትር ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ አጥንትም ይጎዳል። ምግብ ይዘው ሲቀመጡ ዝንጀሮና ጦጣ ይጠጋሉ፤ ከእጅዎ አያብሏቸው። ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ሆነው ያዩዎታል እንጂ ምንም አይሉም።

መግባት፣ መቆየት፣ መውጣት

መጀመሪያ ገላዎን በሻወር ይታጠቡ፤ ቅባትና ላብ ገንዳውን ያበላሸዋል። ሻወር ከሌለ ከጅረቱ በዕቃ ቀድተው ራቅ ብለው ይታጠቡ። ሳሙና ጅረት ውስጥ አይግባ፤ ከታች ያለው ሰው በዚያ ውሃ ከብት ያጠጣል፣ አትክልት ያለማል።

ከዚያ ውሃውን በክርንዎ ይፈትኑ። መዳፍ ሙቀት ስለለመደ ያታልላል፤ የክርን ቆዳ ስስ ነው። ክርንዎን ነክረው ቀስ ብለው እስከ አሥር ይቁጠሩ። ሳይጨርሱ ለማውጣት ከተቻኮሉ ያ ውሃ ለርስዎ አይደለም፤ ከቦዩ አፍ ራቅ ያለውን ጎን ይሞክሩ። ቴርሞሜትር ካለዎት ከ40 ዲግሪ የዘለለ ውስጥ አይቆዩ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ይገሽልጣል፣ ዓይን ግን ከ40 ዲግሪው አይለየውም። እንፋሎትም ምልክት አይሆንም፤ በብርዳማ ማለዳ ለብ ያለ ውሃም ይጨሳል።

እግርዎን ያስገቡ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ እስከ ወገብ ይውረዱ፣ ከዚያ እስከ ደረት። ዘለው አይግቡ። ራስዎን አይንከሩ፣ ውሃም ወደ አፍንጫዎ አያስገቡ፤ ለብ ባለ ያልታከመ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃ፣ እምብዛም የማይከሰት ግን ገዳይ የሆነ አሜባ አለ። ልጆች ላይ ይህን ያጥብቁ።

ለጤነኛ ሰው የመጀመሪያው ዙር 10 ደቂቃ ይበቃል። ወጥተው 10 ደቂቃ አርፈው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ከፈለጉ ይመለሱ፤ ሦስት ዙር በቂ ነው። ሙቀቱ የደም ሥርን ያሰፋል፣ የደረቀ መገጣጠሚያን ያፍታታል፤ የሚያጽናናው እሱ ነው። ግን የሰፋው የደም ሥር የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ዓይኑ ጨልሞ ድንጋይ ላይ የሚወድቀው በዚህ ነው። ሲወጡ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው፣ እግርዎ ውሃው ውስጥ እንዳለ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ፤ ከዚያ የሚይዝዎት ሰው ባለበት ቀስ ብለው ይነሡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ልብ በኃይል መምታት ከተሰማዎት ዙሩ አልቋል።

መጠጥ ጠጥተው ወይም ጫት ቅመው አይግቡ። ከከባድ ምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እግራቸውን ለብ ያለው ላይ ቢያጥቡ ይበቃቸዋል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሲቃጠል ላይሰማው ይችላል፤ ሌላ ሰው ውሃውን ይፈትንለት። ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ ሙቀቱ መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋልና ስኳሩ እንዳይወርድ የሚበላ ነገር ቅርብ ያድርግ፤ መድኃኒቱንም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው።

ይህን በግልጽ እንናገር፦ ፍል ውሃ ይሻለኛል ብሎ የሐኪም መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ራሱን ይጎዳል። አባትና እናትን ይዘው ሲሄዱ የመድኃኒት ሰዓታቸውን አብረው ይያዙላቸው።

ከተቃጠለ

ጀሪካኑ ለዚህ ነው። ልብሱንና ቀለበቱን ፈጥነው ያውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን አይላጡ። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያርጥቡት፤ ጀሪካኑ ሲያልቅ ከቧንቧ ይቀጥሉ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል ወይም ዱቄት አይቀቡ፤ ሙቀቱን አምቀው ቁስሉን ያመረቅዙታል። በንጹሕ ጨርቅ ሳያጠብቁ ሸፍነው ጤና ጣቢያ ያድርሱ። የፈነዳ ወይም ከመዳፍ የሰፋ ቁስል፣ ፊትና እጅ ላይ የደረሰ፣ ልጅ የተቃጠለበት ማንኛውም ቁስል ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ሁሉም በሰላም ካለፈ ደርቀው፣ ጋቢዎን ደርበው፣ ውሃ እየጠጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ሙቀቱ እንቅልፍ ያመጣል፤ መኪናውን የሚነዳው ሰው ይህን ዕረፍት ሳይጨርስ መሪ አይያዝ።