ችግኙ ምን ነካው? ቤት ውስጥ ለሚያፈሉ

ጎጃም ውስጥ ችግኝ ቤት የሚገባው ብርድ ተፈርቶ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በመጋቢት ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በክረምት መግቢያ የሚተከል በርበሬ ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ መፍላት አለበት። ስለዚህ ሰው በተቆረጠ ሃይላንድ ወይም በዘይት ጀሪካን ዘርቶ ቤት ያስገባል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ጣጣው የሚመጣው እዚያው ሲረሳ ነው። ችግኝ ቤት ይደር እንጂ ቤት መዋል የለበትም።

ዘሩ አልበቅል አለ

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። ጎመን በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ቲማቲም ከ6 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። በርበሬ ግን ሙቀት ካላገኘ 3 ሳምንትም ያስጠብቃል፤ የሚፈጥነው አፈሩ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ሌሊት ምድጃ ያለበት ክፍል አሳድሩት። እሳቱ ሥር ግን አይሁን፣ ይደርቃል።

ጊዜው አልፎም ዝም ካለ ዘሩን ጠርጥሩ። 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ግማሹ እንኳን ካላቆጠቆጠ ሌላ ዘር ግዙ። በተለይ የሽንኩርት ዘር ዓመት ካለፈው አይታመንም።

ዘሩ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የአፈሩ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ቡቃያ አይሰብረውም። ሦስት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ያቃጥላል። ዘሩን ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩት።

ቀጥኖ ተመዘዘ

ብርሃን ፍለጋ ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳና ትንሽ መስኮት ባለው ቤት፣ ለእኛ የሚበቃን ብርሃን ለችግኝ ጨለማ ነው። ፈረንጅ አገር ይህን በመብራት ይፈቱታል፤ በብርድ ወራት ቀናቸው አጭር ነው። የእኛ ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ለመብራት ብር ማውጣት ለእኔ አይታየኝም። ጠዋት አውጡት፣ ማታ አስገቡት፣ አለቀ።

የተመዘዘው ቲማቲም ከሆነ አትጣሉት። ስታዛውሩት ግንዱን እስከ ቅጠሎቹ ቅበሩት፤ ከተቀበረው ሥር ያወጣል። በርበሬን ግን በነበረበት ጥልቀት ትከሉት።

ማታ ቆሞ ጠዋት ወደቀ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ግንዱን እዩት። ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ውኃ የቋጠረ ይመስላል፤ ጠቁሮ እንደ ክር ቀጥኗል። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። ይህ አፈር ወለድ የፈንገስ በሽታ ነው። እርጥበት፣ ብርድና መጨናነቅ ይመቸዋል። ሰው ግን ጠማው ብሎ ውኃ ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜ የቀሩትም ይከተላሉ።

የወደቀው አይድንም፤ ከነአፈሩ አውጥታችሁ ጣሉት። ለቀሩት የአፈሩ ፊት ደረቅ እስኪል ውኃ አትስጡ። ከዚያ በኋላም ጠዋት ብቻ አጠጡ። የተጠጋጉትን አሳሱ። የዕቃው ቂጥ ቀዳዳ ከሌለው ምስማር አግላችሁ ብሱት። ለሚቀጥለው ዙር አፈሩ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሱበት፤ ቀዝቅዞ ሲጠነፍፍ ዝሩ። ዕቃውንም በበረኪና እጠቡት።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ

ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ጨቅይቶ ከሆነ ውኃ በዝቶበታል። ካልሆነና የታችኛው ቅጠል ብቻ ከገረጣ ምግብ አንሶታል፤ የበሰለ ብስባሽ ጣል አድርጉበት።

ደጅ ወጥቶ ነጣ

ፀሐዩን በአንዴ ስላገኘው ነው። በመጀመሪያው ቀን የጠዋት ፀሐይ አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አስረዝሙለት።

አፈሩ ተጭሮ ችግኙ ተነቅሎ ተገኘ

ይህ በሽታ አይደለም፣ ዶሮ ናት። ላዩ ላይ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ቅርጫት ድፉበት፤ ነፋስ እንዳይገለብጠውም ድንጋይ ጫኑበት።