የልዕለ ኃያላን ጀግኖችን የቨርቹዋል ሪያሊቲ ጨዋታ በቡድን ለመሞከር

ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ወደ ትልቅ ከተማ በሄዳችሁበት አጋጣሚ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ልዕለ ኃያል ጀግና የምትሆኑበት የቨርቹዋል ሪያሊቲ ጨዋታ (ዓይንን የሚሸፍን መነጽር አድርገው በኮምፒዩተር በተፈጠረ ዓለም ውስጥ የሚጫወቱት) ካገኛችሁ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ ማጥወልወል አስቡ። የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ የሚያጥወለውለው ሰው እዚህም ሊቸገር ይችላል፤ ዓይኑ በሰማይ ሲበር እያየ፣ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮው ግን ቆሞ እንዳለ ስለሚነግረው፣ የሁለቱ አለመስማማት ሆድን ያውካል። እንዲህ ያለ ሰው ከሚያስበርረው ይልቅ በራሱ እግር እየተራመደ የሚጫወተውን ቢመርጥ ይሻለዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ነጠላና ጋቢ ውጭ ይቀመጡ። ሹሩባ የተሠራች ልጅ የመነጽሩ ማሰሪያ ቋጠሮዋ ላይ እንዳያርፍ ዝቅ አድርጋ ታስረው። በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በአዋቂዎች በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ምስሉ ከደበዘዘባችሁ በይሉኝታ ዝም ሳትሉ ሠራተኛው የመነጽሩን ሌንሶች ርቀት እንዲያስተካክልላችሁ ጠይቁ፤ የደበዘዘ ምስል ራስ ያሳምማልና።

ውስጥ ስትገቡ ጓደኛችሁን የምታዩት በጀግና ልብስ ተሸፍኖ ስለሆነ በስም ተጠራሩ፤ ቡጢ ስትሰነዝሩም ከአጠገባችሁ እውነተኛ ሰው መኖሩን አትዘንጉ። ካጥወለወላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና እጃችሁን አንሡ። ከወጣችሁ በኋላ መኪና የሚነዳው ሰው ጥቂት ተቀምጦ ይረፍ።