ለሰው አፕ ስትጠቁሙ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቤተሰብ ባሕር ዳር ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ፣ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ የሰዉ ስልክ እኔ ዘንድ ይመጣል። «እስቲ ጥሩ ጥሩ ነገር ጫንልኝ» ይሉኛል። እኔም ደስ እያለኝ እጭናለሁ። ቆይቼ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ አፖች አንዴም ሳይከፈቱ ጠፍተዋል። ጥፋቱ ከአመራረጤ መሆኑን የተረዳሁት ቀስ በቀስ ነው።

የራስን ስልክ እያሰቡ ለሌላው መምከር

ዘጌ ቡና ያላቸው አክስት አሉኝ። ስልካቸው አሮጌ ነው፣ ሚሞሪውም በልጅ ልጆቻቸው ፎቶ ሞልቷል። የገንዘብ አፕ ልጭንላቸው ብል ቦታ የለም። ፎቶዎቹን እናጥፋ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ እውነታቸውን ነው። ቴሌብር ግን የግድ አፕ አይፈልግም። *127# ተደውሎ ያለ ዳታ ብር መላክና ቀሪ ሒሳብ ማየት ይቻላል። ለእሳቸው ትክክለኛው ምክር ምንም አለመጫን ነበር። ከመጠቆማችሁ በፊት ሴቲንግ ገብታችሁ ስንት ቦታ እንደቀረና አንድሮይዱ ስንተኛ እንደሆነ እዩ።

ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አለማሰብ

ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለመጣች እንግዳ ካርታ ጠቁሜ ሸኘኋት፤ አስቀድማ እንድታወርደው ግን አልነገርኳትም። ኔትወርኩ ሲሄድ ስልኳ ላይ የቀረው ባዶ ሜዳ ላይ ያለች ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ነበር። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የት እንዳላችሁ የሚያውቀው ከሳተላይት ነው። የጎደለው ካርታው ነው።

አሁን የምጠቁመው ኦርጋኒክ ማፕስን ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ካርታውንም የሚያገኘው በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ኦፕንስትሪትማፕ ነው። ሆቴል ዋይፋይ ላይ ካወረዳችሁት በኋላ ያለ ኢንተርኔት የእግር መንገድ ይመራል። ጉግል ማፕስም ካርታ ማስቀመጥ ያስችላል፤ ያለ ኢንተርኔት ግን የመኪና እንጂ የእግር መንገድ አይሰጥም። ከጀልባ ወርዶ በጫካው ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በእግሩ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ኤፒኬ በቴሌግራም መላክ

የምሰጋው ከሁሉም በላይ በዚህ ነው። ዳታ ለመቆጠብ ተብሎ ኤፒኬው፣ ማለትም የአፑ መጫኛ ፋይል፣ በግሩፕ ይላካል፣ ሰው ይጭነዋል። ችግሩ ያው ምልክትና ያው ስም ያለው አፕ ውስጡ ተቀይሮ ሊሆን መቻሉ ነው። አንድሮይድ የእያንዳንዱን አፕ ፊርማ፣ ማለትም የሠሪውን ዲጂታል ማኅተም፣ ያመሳክራል። የተነካካ ፋይል በትክክለኛው አፕ ላይ ሊጫን ሲል ፊርማው ስለማይገጥም «አልተጫነም» ይላል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፦ እውነተኛውን አጥፍቶ የተላከለትን ይጭናል። ከዚያ አፑ መልእክት የማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከተፈቀደለት ከባንክ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ ማየት ይችላል። እባካችሁ ስሙን ብቻ ንገሩና ከፕሌይ ስቶር ያውርዱት። ዋይፋይ እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል።

መዝናኛን እንደ ተራ ነገር ማየት

ለልጅ ዝም ብሎ ያገኙትን ጌም መጫን ማስታወቂያ እንዲያይ ማስቀመጥ ነው። ሊቼስ የተባለው የቼዝ አፕ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ያለ ኢንተርኔትም ከኮምፒውተሩ ጋር ያጫውታል። በጣና ዳር ለሚያድግ ልጅ ደግሞ መርሊንን እወድለታለሁ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ቤተ ሙከራ የሠራው ነው፤ ወፏን ፎቶ ሲያነሱ ስሟን ይጠቁማል። ስሙ በእንግሊዝኛ መሆኑ ቅር ይለኛል፤ ቢሆንም የእህቴ ልጅ ፔሊካኖቹን እየለየ ቅዳሜውን ሙሉ ውሎበታል። የአካባቢውን ወፎች መረጃ የያዘውን ጥቅል እዚያው አፑ ውስጥ ቀድማችሁ አውርዱለት።

ጭኖ መሄድ

ስልኩን ተቀብላችሁ ሁሉንም ራሳችሁ አትነካኩ፤ ባለቤቱ ይጫን፣ እናንተ አጠገቡ ሁኑ። የሚስጥር ቁጥር በፍጹም አታውጡለት፣ ሲያወጣም ፊታችሁን አዙሩ። ከአክስቴ ጋር እንደዚያ አደረግን። *127# ን በእርሳስ ከቡና ሒሳብ ደብተራቸው ሽፋን ላይ ጻፉ፤ ሦስት ጊዜ ተሳስተው በአራተኛው ቀሪ ሒሳባቸው መጣ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።