«እንቢ ማለት ትችል ነበር» የሚሉ አለቆች ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ አዲስ የክፍል ኃላፊ «መቼ አስገደድኳት? ቅዳሜ ትገቢያለሽ ወይ አልኳት፤ እሺ አለች» ብሎ ተከራከረኝ። ይህን ክርክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ዋናው ስህተት «እሺ»ን ሁሉ ፈቃድ አድርጎ መቁጠር ነው። አለቃ እንቢ ቢባል የሚቀርበት አንድ ቅዳሜ ነው። ሠራተኛዋ ግን አፏን ከመክፈቷ በፊት የሙከራ ጊዜዋን ማን እንደሚያጸድቅ፣ የሥራ አፈጻጸሟን ማን እንደሚሞላ፣ የዓመት ፈቃዷን ማን እንደሚፈርም ታሰላለች። የሦስቱም መልስ ፊቷ የቆመው ጠያቂ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚለውን ተረት ሲጠቅሱ የምሰማቸውም እሺ የሚባሉት እንጂ እሺ የሚሉት አይደሉም።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። በሒሳብ መዝጊያ ሰሞን አንዲት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል «ትንሽ ብታመሺስ?» አልኳት። የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ «እሺ» አለች፤ ቦርሳዋን አውርዳ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችው። ይህን ሁሉ እያየሁ የያዝኩት እሺታዋን ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት አመሸች። በዚያ ሰበብ የማታ ትምህርቷን ማቋረጧን የሰማሁት ሥራ ከለቀቀች በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው።

ሌላው ስህተት ሰው በተሰበሰበበት «ትችያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው፦ ይቅርባችሁ።

ለስለስ ብሎ የመጣን እንቢታ አለመስማት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። የበታች ሰው «አይሆንም» አይልም፤ «ጊዜው አያጥረንም?» ይላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። የአንደኛው ዋና አብራሪ የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ ሲንደረደር፣ የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ አልወጣም ይሆን እንዴ ብሎ ጠይቆ ነበር። በጥያቄ መልክ የቀረበ «ቁም» ማለት ነው። ዋናው አብራሪ መውጣቱን በእርግጠኝነት ተናግሮ ቀጠለ። ረዳት አብራሪውም ዝም አለ፤ ለዚያ አውሮፕላን ብቁ ነው ብሎ ከሁለት ወር ገደማ በፊት የፈተነው ያው አለቃው ነበር።

«የቢሮዬ በር ክፍት ነው» የምትሉም አላችሁ። ሠራተኞቻችሁ በሩን ሳይሆን ባለፈው የገባውን ሰው ምን እንደገጠመው ነው የሚያዩት። አንዱ እንቢ ባለ በወሩ ከሥልጠና ዝርዝር ስሙ ከወጣ፣ የቀሩት ማስጠንቀቂያ አያስፈልጋቸውም።

ሠራተኞችም አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሥራ በዝቶብኛል» ማለት አይረዳችሁም፤ ለአለቃ ሁሉም ሥራ የበዛበት ነው። «ይህን ዛሬ ከያዝኩ ሪፖርቱ ለሰኞ አይደርስም፤ የትኛው ይቅደም?» በሉት፤ ምርጫው ወደ እሱ ይመለሳል። አደጋ ያለበት ሥራ ከሆነ ግን እንዲህ ማግባባት አያስፈልግም፤ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍራችሁ አቁሙ።

እኔ አሁን «ታመሻለህ?» ብዬ አልጠይቅም። የሥራውን ዝርዝር በጽሑፍ እልክና «ከዚህ ውስጥ የቱ ለሳምንት ይተላለፍ?» እላለሁ፤ መልሱንም እስከ ነገ እጠብቃለሁ።