ልጅ ሲያስቀምጠው በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ልጁን ተቅማጥ የያዘው ወላጅ መድኃኒት ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ተቅማጡን ቀጥ የሚያደርግ ኪኒን ነው። ይሁን እንጂ ሕፃንን ለሞት የሚያሰጋው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው በመሆኑ፣ መጠየቅ ያለበት ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና የዚንክ ኪኒን ነው። ማቆሚያ ኪኒን ለሕፃን አይሰጥም፤ አንቲባዮቲክም ሐኪም ሳያዝ አይጀመርም።

ስህተት የሚበዛው በኦአርኤስ አበጣበጥ ላይ ነው። የተለመደው የኦአርኤስ ፓኬት ሙሉ በሙሉ በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ ዱቄቱን በግምት ከፋፍሎ በብርጭቆ መበጥበጥ ወይም ፓኬቱን በሙሉ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ መጨመር ጨውን ከልክ በላይ አብዝቶ ልጁን ይጎዳዋል፤ ውሃው ሲበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። መለኪያ ከሌለ ያንኑ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልቶ በንጹሕ ጆግ መገልበጥ ይበቃል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ስኳር አይጨመርበት፤ 24 ሰዓት ካለፈውም ይደፋ። ኦአርኤስ እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይቻላል።

ልጁ ባስቀመጠው ቁጥር ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን 10 ሚሊ ግራም፣ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ይሰጣል።

ጡት አይቋረጥ፤ ምግብ የጀመረ ልጅም አጥሚቱንና ገንፎውን ይብላ። ለስላሳ መጠጥ ግን ስኳሩ ተቅማጡን ያባብሰዋል። «ግግ ነው» ብሎ የሕፃኑን ድድ ማስቆረጥም ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ከማምጣቱ ሌላ ሕክምናውን ያዘገያል።

ሰገራው ደም ካለበት፣ ልጁ መጠጣት ካቃተው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ትኩሳት ካለው ወይም በ3 ቀን ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዛት ያለው ተቅማጥ፣ በአዋቂም ላይ ቢሆን፣ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ተጠርቶ፣ የተበጠበጠው ኦአርኤስ ተይዞ፣ በሽተኛው በመንገድ ላይም እየጠጣ መሄድ አለበት።