ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩትን የጣሊያን የወንጀል ምስጢር ፊልሞች ለማየት፦ ሰዎቹን በስም ተከተሉ

ደብተር ሳትይዙ አትጀምሩ። በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጡ። ለዳይሬክተሩ አንድ፣ ለተዋናዩ አንድ፣ ታሪኩን ለጻፈው አንድ። ፊልሙ ሲጀምር ስሞች ይዘረዘራሉ አይደል? ብዙ ሰው እዚያ ጋ ሻይ ሊያፈላ ይነሳል። እናንተ ግን እዚያው ላይ ፊልሙን አቁሙና ስሞቹን ገልብጡ። የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ምስጢር ማን ገደለ የሚለው አይደለም። ይሄን የሠሩት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ከዚህ በፊት ምን ሠሩ፣ ከዚህ በኋላስ ምን ሠሩ የሚለው ነው።

እኔ ቦሎኛ ነው የምኖረው። ሥራዬ ባዳንቴ ነው፤ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲኞራ እንከባከባለሁ። ማታ እሳቸው ከተኙ በኋላ አሮጌ ፊልም አያለሁ። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ከሐበሻ ጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን እናያለን። «ከየት ልጀምር?» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ የማይበትን መንገድ ልጻፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ «ፊሊቡስ»ን እዩ። በ1915 ቱሪን ውስጥ ኮሮና ፊልም የሠራው ነው። ድምፅ አልባ ስለሆነ ጣሊያንኛ ባትችሉም አያስቸግራችሁም። ዳይሬክተሩ ማርዮ ሮንኮሮኒ፣ ታሪኩን የጻፈው ጆቫኒ በርቲኔቲ ነው። ፊሊቡስ ሌባ ናት። አዎ፣ ሴት ናት። በአየር መርከብ ትመጣለች፤ በገመድ በሚወርድ ሳጥን ሆና የሀብታም ቤት ሰገነት ላይ ታርፋለች፤ ዘርፋ ትወጣለች። በሌላ ጊዜ የተከበረች ባሮነስ ናት። ሲያሻት ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ቆንት ትሆንና የመርማሪውን እህት ታሽኮረምማለች። መርማሪው ኩት-ሄንዲ ይባላል። እሱን አደንዝዛ የእጁን አሻራ ትወስድና ወንጀሉ ላይ ትተወዋለች። ሰውየው «ሌባው እኔ ራሴ እሆን እንዴ?» እያለ መጨነቅ ይጀምራል። እኛ ቤት ይሄን ያዩ ሁሉ በ1915 የተሠራ መሆኑን ማመን አቅቷቸዋል።

ሁለቴ እዩት። በመጀመሪያው ዝም ብላችሁ ተደሰቱ። በሁለተኛው የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም ተከታተሉ። አንድም እውነተኛ የጣሊያን ስም ያለው ወንጀለኛ አታገኙም። ይሄን ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት፤ በኋላ ትመለሱበታላችሁ። ፊሊቡስን የተጫወተችው ቫሌሪያ ክሬቲ ናት። ለረጅም ጊዜ ግን ሚናው የተሰጠው ክሪስቲና ሩስፖሊ ለምትባል ሌላ ተዋናይት ነበር። የፊልም ተመራማሪዎች ናቸው ያረሙት። ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ ላይ ያገኛችሁትን ስም ወዲያው አትመኑ። ከሌላ ጋር አስተያዩ። የአምስተርዳሙ የአይ ፊልም ሙዚየም ያደሰው ቅጂ በቀለም የተነከረ ነው፤ ከተገኘ እሱን ምረጡ።

ቀጥሎ ኤሚልዮ ጊዮኔ። ቱሪን የተወለደ፣ ፊቱ ከሲታ፣ ዓይኑ ጉድጓድ የገባ ሰው ነው። ዳይሬክተርም ተዋናይም ሆኖ «ዛ ላ ሞርት» የሚባል የሌቦች ዓለም ጀግና ፈጠረ። አጠገቡ የማትጠፋው ካሊ ሳምቡቺኒ ናት። «ኢ ቶፒ ግሪጂ»፣ ማለትም ግራጫ አይጦች፣ በ1918 ሮም ውስጥ በቲበር ፊልም የተሠራ ባለ 8 ክፍል ተከታታይ ነው። ባንዴ አትጨርሱት። ያኔም ሰው እየጠበቀ በየክፍሉ ነው ያየው። በየእሁዱ አንድ ክፍል ብታዩ ይበቃል። ዛ ላ ሞርት ደግሞ ከፓሪስ የወንበዴ ሰፈር የተቀዳ ሰው ነው። አሁንም ወንጀሉ ውጭ አገር ነው። ጊዮኔ በ1930 ሮም ውስጥ ደህይቶና በሳንባ ነቀርሳ ተሰቃይቶ ሞተ። ያን ሁሉ ሰው ሲኒማ ያስገባ ፊት በዚህ ማለቁ እስካሁን ያሳዝነኛል።

የ1920ዎቹን ዓመታት እለፏቸው። የጣሊያን ፊልም ሥራ ያኔ ወድቆ ነበር። ብዙ ባለሙያ ጀርመን ሄዶ ነው የሠራው። ከእነሱ ውስጥ ጉይዶ ብሪኞኔንና ኑንዚዮ ማላሶማን መዝግቡ፤ አሁን ይመለሳሉ።

ድምፅ የመጣው በ1930 ነው። ነጋዴው ስቴፋኖ ፒታሉጋ የሮሙን የቺኔስ ስቱዲዮ ገዝቶ በአዲስ መሣሪያ አስነሳው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1931፣ «ኮርቴ ዳሲዜ» ወጣ። ዳይሬክተሩ ያው ብሪኞኔ ነው። የመጀመሪያው የጣሊያን ባለ ድምፅ የወንጀል ፊልም ተደርጎ ይቆጠራል። ታሪኩ የሚሄደው በችሎት ስለሆነ ወሬው ብዙ ነው። እዚያ ውስጥ ያለውን ካርሎ ኒንኪን ከአኒባሌ ኒንኪ ጋር እንዳታምታቱት፤ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በዚያው ዓመት ማላሶማ «ሎሞ ዳላርቲሊዮ»ን ሠራ፤ ባለ ጥፍሩ ሰው እንደማለት ነው። የዚህ ፊልም ጀርመንኛ ቅጂም በሌላ ዳይሬክተር ተሠርቷል። ድምፅ እንደመጣ ሰሞን ፊልምን ለሌላ አገር የሚሸጡት እንዲህ አንዱን ታሪክ በሁለት ቋንቋ እየቀረጹ ነበር።

ወደ ቀጣዮቹ ባለ ድምፅ ፊልሞች ከመግባታችሁ በፊት ስለ መጻሕፍቱ ትንሽ ማወቅ አለባችሁ። በ1929 የሚላኑ አሳታሚ ሞንዳዶሪ ቢጫ ሽፋን ያላቸው የወንጀል ልቦለዶች ማውጣት ጀመረ። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ታሪክ «ጃሎ» የሚሉት ከዚያ ሽፋን ነው። መጀመሪያ ትርጉም ነበር። በ1931 አሌሳንድሮ ቫራልዶ የጻፈው የመጀመሪያው የጣሊያናዊ ሥራ ተጨመረ። ቲያትር ቤቶቹም ተከተሉ። የ1933ቱ የማርዮ ካሜሪኒ ፊልም ራሱ «ጃሎ» ይባላል። የተወሰደው ከእንግሊዛዊው ኤድጋር ዋላስ ቲያትር ነው። አንዲት ሚስት ባሏ ስሙን የቀየረ ነፍሰ ገዳይ ነው ብላ ትጠረጥራለች። ሚስቲቱ ፔተርስቡርግ የተወለደችው አሲያ ኖሪስ ናት፤ ባልየው ሳንድሮ ሩፊኒ። ፊልሙ ያስቃልም። ጣሊያንኛ የምትማሩ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ሩፊኒ የውጭ ፊልሞችን በጣሊያንኛ ድምፅ የሚሸፍን ዝነኛ ባለሙያ ስለነበር አንድም ቃል አይውጥም። ሲኞራዬ ድምፁን ሲሰሙ «ያኔ እንዲህ ነበር የሚነገረው፣ እንደ መድረክ!» አሉኝ።

አሁን ዋናው ብልሃት። የነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ሰብታይትል የላቸውም። አውቶማቲኩ ጽሑፍ ደግሞ ከአሮጌ ድምፅ ጋር ጨርሶ አይስማማም፤ አጥፉት። በምትኩ የቤቱን ካርታ ሳሉ። ቀልዴን አይደለም። ታሪኮቹ ከቲያትር ስለመጡ የሚያልቁት በጥቂት ክፍሎች ውስጥ ነው። ተጠርጣሪዎቹም መጀመሪያ አካባቢ አንድ በአንድ በበሩ ይገባሉ። ወረቀት ላይ ሳሎኑን፣ ደረጃውን፣ በሮቹን አስቀምጡ። አንድ ሰው በገባ ቁጥር አቁሙና የለበሰውን ጻፉ፦ «ባለ መነጽሩ»፣ «ፀጉር ካፖርት የደረበችው»። ግድያው ሲፈጸም ማን የት እንደነበር ካርታውን አይታችሁ ትከራከራላችሁ። እሁድ እሁድ እኛ ቤት ጣሊያንኛ ከማይችሉት ጓደኞቼ መካከል ገዳዩን ቀድማ የምታገኝ አለች። ንግግሩ ስለማያዘናጋት እጅና ዓይን ላይ ነው የምታተኩረው።

ይሄን ብልሃት ራፋኤሎ ማታራዞ ላይ ሞክሩት። እሱን በጣም ነው የምወደው። በ1909 ሮም ተወለደ። በ1935 «ኢል ሰርፔንቴ አ ሶናሊ»ን ሠራ፤ በሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሆን ምስጢር ነው። በ1936 «ላኖኒማ ሮይሎት»፣ በ1939 «ላልቤርጎ ዴሊ አሴንቲ» ተከተሉ። ሰው ዛሬ የሚያውቀው ከጦርነቱ በኋላ በሠራቸው የሚያስለቅሱ ፊልሞች ነው፤ በተለይ በ1949ኙ «ካቴኔ»። እነዚያ ውስጥ ያለው የደብዳቤ፣ የጥርጣሬና የተዘጋ በር አያያዝ ግን እዚህ የተለማመደው ነው። አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩና ፍረዱ።

«ላኖኒማ ሮይሎት» የተወሰደው ከጉሊየልሞ ጃኒኒ ቲያትር ነው። ለጃኒኒ ሙሉ ገጽ ስጡት። በወንጀል ቲያትር የታወቀ ጸሐፊ ነበር። ልጁ በ1942 በጦርነቱ ሞተ። በ1944 መጨረሻ «ሎሞ ኳሉንኩዌ» የሚባል ጋዜጣ ከፈተ፤ ተራው ሰው ማለት ነው። ከዚያ ፓርቲ ሆነ፤ በ1946 ምርጫ 30 መቀመጫ አገኘ። ከእሱ ጎን አውጉስቶ ዴ አንጀሊስን ጻፉ። የሚላኑን ኮሚሳሪዮ (የፖሊስ መርማሪ) ዴ ቪንቼንዚን የፈጠረው ደራሲ ነው። እሱ ወንጀሉን ውጭ አገር አልወሰደውም፤ እዚያው ሚላን ጭጋግ ውስጥ አስቀመጠው። ፋሺስቶች አሰሩት፤ ከተፈታ በኋላ አንድ ፋሺስት ቤላጆ ውስጥ ደብድቦት በ1944 ሞተ። ገጸ ባሕሪውን በፊልም ማየት ለሚፈልግ የጣሊያን መንግሥት ቴሌቪዥን ራይ በ1974 እና በ1977 ከፓኦሎ ስቶፓ ጋር የሠራው ተከታታይ አለ።

አሁን የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ግለጡ። የአገዛዙ ሰዎች ጋዜጦች የግድያና የስርቆት ዜና እንዲያሳንሱ ያዙ ነበር። ሥርዓት ባለበት የሙሶሊኒ አገር ወንጀል የለም መባል አለበት። ስለዚህ የፊልሙ ገዳይ ብዙ ጊዜ ስሙ የውጭ፣ አገሩ የውጭ ነው። ካልሆነም መርከብ ላይ ነው፤ የዶሜኒኮ ጋምቢኖን «ትራቨርሳታ ኔራ» ከ1939 እዩ። በ1941 ደግሞ የሞንዳዶሪ ቢጫ መጻሕፍት ራሳቸው እንዲቆሙ ተደረገ።

ወንጀል የለም በተባለበት በዚያው ጊዜ ወንጀሉ የት ይፈጸም እንደነበር እኛ እናውቃለን። ስሞቹን የማስመዘግባችሁ ለዚህ ነው። የ«ጃሎ»ው ካሜሪኒ በ1936 «ኢል ግራንዴ አፔሎ»ን ሠራ። ጅቡቲ ውስጥ ሆቴል ያለው አንድ ጣሊያናዊ ለኢትዮጵያውያን መሣሪያ ይሸጣል፤ መጨረሻ ላይ «ለአገሩ ጥሪ» ብሎ መሣሪያውን ሲያወድም ይሞታል። ይሄን ሰው የሚጫወተው ካሚሎ ፒሎቶ ነው። የ«ላኖኒማ ሮይሎት»ው ፒሎቶ፣ በዚያው ዓመት። በ1937 ወረራውን ለማወደስ በተሠራው «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ» ላይም አፍሪካዊው ጠላት አኒባል ሆኖ ቀረበ። ሮማዊው የጦር መሪ ሺፒዮኔ የሆነው ያ እንዳታምታቱት ያልኳችሁ አኒባሌ ኒንኪ ነው። የ«ኮርቴ ዳሲዜ»ው ብሪኞኔም በ1938 «ሶቶ ላ ክሮቼ ዴል ሱድ»ን ሠራ፤ ታሪኩ አገራችን ላይ እርሻ ሊይዙ ስለመጡ ጣሊያኖች ነው።

እነዚህን ሦስቱን ከምስጢሮቹ በፊት አትዩ። መጀመሪያ ፒሎቶን በሳሎን ውስጥ እዩት፤ ውደዱት። ከዚያ ጅቡቲ እዩት። አርበኞቻችን በእነሱ ካሜራ ምን እንደሚመስሉ የሚታያችሁ ያን ጊዜ ነው። በእኛ ቤት እነዚህን ስናይ ለልጆች አናሳይም፤ መኻል ላይ እያቆምንም እንነጋገራለን። አያቶቻችን በአምስቱ ዓመት ያዩትን የሚያስታውስ ሰው ካለ ያወራል። ፊልሙ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ሐበሻ ባየሁ ቁጥር በደብተሬ አንድ ገጽ እተውለታለሁ። አንዱንም በስም እስካሁን አላገኘሁም፤ ፍለጋዬን አላቆምኩም።

ቅጂ ለማግኘት የፊልሙን ስም በላቲን ፊደል፣ ዓመቱንና የዳይሬክተሩን ስም አስከትላችሁ ፈልጉ። ስሙን ብቻ ከጻፋችሁ «ጃሎ» በ1970ዎቹ ደም በሚፈስባቸው ፊልሞች ያጥለቀልቃችኋል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ብዙዎቹ ከቴሌቪዥን የተቀዱ ናቸው። ራይ 3 ላይ «ፎሪ ኦራሪዮ» የሚባል በሌሊት የሚተላለፍ ፕሮግራም አለ፤ አሮጌ ፊልም ያወጣል። ጣሊያን ያላችሁ ደግሞ በበጋ ቦሎኛ ኑ። የከተማው የፊልም ቤተ መዛግብት፣ ቺኔቴካው፣ «ኢል ቺኔማ ሪትሮቫቶ» የሚባለውን የታደሱ ፊልሞች ፌስቲቫል ያዘጋጃል፤ ማታ ፒያሳ ማጆሬ ላይ በነፃ ያሳያሉ። ለድምፅ አልባዎቹ ፖርደኖኔ ከተማ በፈረንጆቹ ኦክቶበር የሚደረገው ፌስቲቫል ይሻላል። የቺኔቴካው ላይብረሪ ስትገቡ በፊልም ስም ብቻ ሳይሆን በሰው ስም ጠይቁ። «ካሚሎ ፒሎቶ፣ ከ1935 እስከ 1940» በሏቸው። የሚያወጡላችሁን የጊዜው መጽሔቶች ፎቶ አንሱና ፎቶውን የሰውየው ገጽ ላይ ለጥፉት።