አውሮፕላኖቹ ከካርታችሁ ሲጠፉ፦ ችግርና መፍትሄ

ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ የኤዲኤስ-ቢ መቀበያ (አውሮፕላኖች ቦታቸውን የሚናገሩበትን የሬዲዮ ሲግናል የሚሰማ ዕቃ) የተከሉ ሐበሾች ሲቸግራቸው ይደውሉልኛል። ብዙዎቹ የጀመሩት ከአዲስ አበባ የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ኢቲ 500 ዱለስ አየር ማረፊያ ሲያርፍ በራሳቸው አንቴና ለማየት ብለው ነው። ከዚያ የያዙትን ሲግናል ለሁሉም ማካፈል ይጀምራሉ። ኢንተርኔቱ እንደሚሰራና አንቴናው እንደተሰካ አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ምልክት፦ አውሮፕላኖቹ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ኤምላት (ከብዙ መቀበያዎች መረጃ የአውሮፕላን ቦታ የሚያሰላው ዘዴ) ሰዓታችሁ አልተረጋጋም ይላል። ራስፕቤሪ ፓዩ (መቀበያው የተሰካበት ትንሹ ኮምፒውተር) በራሱ ጠፍቶ ይነሳል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ቻርጀሩና ኬብሉ ነው። ሰው ግን ሮጦ አንቴና ይገዛል!

ፓይ 4 የሚፈልገው 5.1 ቮልትና 3 አምፔር ነው። ቮልቴጁ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል። ስክሪን ከሰካችሁበት ቢጫ የመብረቅ ምልክት ታያላችሁ። የስልክ ቻርጀር ላዩ ላይ የፈለገውን ቢጻፍበት፣ ኬብሉ ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ያልቃል። ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከመቀበያው የሚመጣው መረጃም ይቆራረጣል።

ይሄ የእናንተ ችግር ብቻ አይደለም። ኤምላት የሚሰራው አንድ ሲግናል የተለያዩ መቀበያዎች ጋ የደረሰበትን ሰዓት አወዳድሮ ነው። ሲግናሉ በአንድ ማይክሮሰከንድ 300 ሜትር ይሄዳል። መረጃው ሲቆራረጥ ሰዓታችሁ ይዘላል፣ ሰርቨሩም ያስወጣችኋል። ቦታውን የማይናገር አውሮፕላን ለማግኘት አራት ያህል መቀበያ ያስፈልጋል። የእናንተ ሲወጣ አውሮፕላኑ ከጎረቤቶቻችሁ ካርታ ላይም ሊጠፋ ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወዳጄ አንቴና ቀየረ። አልሆነም። የሲግናል ማጉያ ጨመረ። ጭራሽ ባሰበት፤ ማጉያውም የሚበላው ከዚያው ከደከመ ቻርጀር ነበር። ዋናውን የፓይ አዳፕተር ስንሰካለት በዚያው ምሽት ተስተካከለ። ማጉያው ካርቶኑ ውስጥ ተመልሷል።

አሌክሳንድሪያ ያለ ሌላ ቤት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ባለቤቱ ከዱለስ የሚመጣ ጣልቃ ገብነት ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ታብሌታቸውን እዚያው ባለ ሁለት ቀዳዳ ቻርጀር ላይ ይሰካሉ።

መፍትሄው ኬብሉ አብሮት የተያያዘ የፓይ አዳፕተር ነው። ጣሪያ ስር ለማድረስ ረጅም የዩኤስቢ ኬብል አትዘርጉ፤ የግድግዳውን መብራት በኤክስቴንሽን አስጠጉት። ከነዳጅ ማደያ ኬብል አትግዙ። ከቴሌቪዥን ዩኤስቢ አትሰኩ። ቻርጀሩን ስትቀይሩም ፓዩን በትዕዛዝ አጥፉት እንጂ ዝም ብላችሁ አትንቀሉ፤ ኤስዲ ካርዱ የሚበላሸው እንደዚያ ነው።

ምልክት፦ መብራቱ ደህና ነው፣ ኤምላት ግን ከመጀመሪያውም ሰርቶ አያውቅም።

ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባችሁትን የመቀበያውን ቦታ እዩ። አሜሪካ ውስጥ ኬንትሮስ የመቀነስ ምልክት ይቀድመዋል። ዲሲ 38.9 እና -77 አካባቢ ናት። ምልክቷን ስትረሷት መቀበያችሁ ምዕራብ ቻይና ውስጥ ይገኛል! ፕሮግራሙም አውሮፕላኖቹን ከልክ በላይ ሩቅ ናቸው ብሎ ሊጥላቸው ይችላል። ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ ነው። አዲስ አበባ ለቤተሰብ የተከለ ሰው የፎቁን ቁመት 12 ሜትር ብሎ ሲያስገባ አይቻለሁ፤ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሜትርና ጫማ አታምታቱ። ወደ አገር ቤት ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የሬዲዮ ዕቃ ስለሆነ የፈቃዱን ነገር አጣሩ።

ምልክት፦ ሩቆቹ ይታያሉ፣ አናታችሁ ላይ ያለው ይጠፋል።

ጌይኑ (መቀበያው ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን) በዝቷል። ዱለስ ወይም ሬገን አየር ማረፊያ አጠገብ ለምትኖሩ የተለመደ ነው። የቅርቡ ሲግናል መቀበያውን ያጥለቀልቀዋል። በጣም ኃይለኛ የሆኑት መልእክቶች ከመቶ ጥቂት እጅ እስኪሆኑ ድረስ ቀስ እያላችሁ ቀንሱ።

ርቀቱ ከዝናብ በኋላ ከቀነሰ የአንቴናው ኬብል ማያያዣ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ ቀይራችሁ በደንብ ጠቅልሉት።

ትናንሽ አውሮፕላኖች ከጎደሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ18,000 ጫማ በታች የሚበሩት በ978 ሜጋኸርዝ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። የእናንተ መቀበያ የሚሰማው 1090 ነው። ሁለተኛ መቀበያ ያስፈልጋል።

በእናንተ ካርታ ያለ አውሮፕላን ትልልቆቹ ድረገጾች ላይ ከሌለ ብልሽት አይደለም። ባለቤቱ እንዲደበቅለት ጠይቆ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከኤምላት ሰርቨር የተመለሰላችሁን ውጤት የራሳችሁ አንቴና የሰማው አስመስላችሁ ለሌላ ኔትወርክ አትላኩ። ተሰልቶ የተገኘ ቦታ እንደ እውነተኛ ሲግናል ሲገባ የሁሉንም ካርታ ያበላሻል፣ ከየት እንደመጣም ለማወቅ ያስቸግራል። የምትልኩት ጥሬውን መረጃ ብቻ ይሁን። የኤምላት ውጤት ለብቻው በሌላ ፖርት ይውጣ፤ ያም ለራሳችሁ ካርታ ብቻ። ሴቲንጉ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ካገኛችሁ ዛሬውኑ ለዩዋቸው።